የመንገደኛ ልደት

የምዕራብ ጎንደር ቆላ የሁለት ነገሥታት አገር ነው፤ የአንዱ በልደት፣ የሌላው በሞት። ቋራ የአፄ ቴዎድሮስ የትውልድ አገር ናት። ከእሷ ብዙም የማትርቀው የድንበር ከተማ ደግሞ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ስለሆነች ስማቸውን ወርሳ መተማ ዮሐንስ ተብላለች። የዮሐንስ አወዳደቅ በዕለት ይታወቃል፦ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ቆሰሉ፣ በማግስቱ አረፉ፤ አስከሬናቸው በደርቡሾች እጅ እንደገባ፣ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን እንደተወሰደ ተጽፏል። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን መጠጣታቸውንም የማያውቅ ተማሪ የለም። የተወለዱበት ዕለትስ? ዓመቱ እንኳ «1811 ዓ.ም. ገደማ» ከሚል ግምት ብዙም አያልፍም። ይህ የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ስንፍና አይመስለኝም። ንጉሥ ሲወድቅ ሠራዊቱ ያያል፣ ጠላትም ያያል፣ ወሬ ነጋሪው በየአቅጣጫው ይጋልባል። ቆላ ውስጥ አንድ ሕፃን ሲወለድ ግን የሚያዩት እናቱና አዋላጇ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ማንን እንዳዩ የሚያውቁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ልል የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የልደት ቀን የባለልደቱ ንብረት አይደለም። ሰው ስለ ራሱ አውቃለሁ ከሚለው ሁሉ በገዛ ዓይኑ ሊያረጋግጠው የማይችለው ነገር የተወለደበት ዕለት ነው። በቦታው ነበረ፤ ግን አያስታውስም። ተነግሮት ያውቃል፤ የሚያምነውም ነጋሪውን ስለሚያምን ነው። «ዛሬ ልደቴ ነው» የሚል ሰው ሌሎች የሰጡትን ምስክርነት እየደገመ ነው። ስለዚህ ልደት ማክበር ሥራው የምስክሮች ነው፤ ባለልደቱ ቢኖርበትም የሚኖረው በተጋባዥነት ነው። ይህ ለማንም ሰው የሚሠራ ሆኖ ሳለ ለልብ ወለድ ደራሲ፣ በተለይም አገር ላገር ለሚዞረው፣ በእጥፍ ይሠራል። ሲጓዝ የልደቱን ምስክሮች ጥሎ ይሄዳል፤ በደረሰበት አገር ማን እንደሆነ የሚናገሩለት ወዳጆች ካላፈራ ከየት መጣህ ለሚለው ጥያቄ የራሱ ቃል ብቻ ይቀረዋል። ሲጽፍ ደግሞ በተራው ለሌላው ምስክር ይሆናል፤ መነሻቸውን ማንም ያልጻፈላቸውን ሰዎች ከመነሻቸው ያያቸዋል። ጉዞ፣ ወዳጅነትና ልደት በአንድ ደራሲ ሕይወት ውስጥ አብረው ሲገኙ፣ ያገናኛቸው ይህ የምስክርነት ዕዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዚህ ሐሳብ ብርቱ ተቃዋሚ ራሱ ደራሲ ነው፤ ያውም ስለ እኛ አገር የጻፈ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ራሴላስ» ባለታሪኩ የአቢሲንያ ልዑል ነው፤ በአማራ ተራሮች መካከል በተዘጋ ደስተኛ ሸለቆ አድጎ፣ ደስታው ሰልችቶት፣ ከእኅቱና ከገጣሚው እምላክ ጋር ወደ ካይሮ ይጓዛል። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታል። ጆንሰን ታዲያ ልደቱ ሲነሣበት የሚከፋው ሰው ነበር። በ1773 እ.ኤ.አ. ከወዳጁ ከጄምስ ቦስዌል ጋር የስኮትላንድን ደሴቶች ሲዞር፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን ስካይ ደሴት ላይ በእንግድነት ሳሉ፣ ቦስዌል ዕለቱ የጆንሰን ልደት መሆኑን ለቤቱ ባለቤቶች ተናገረበት። ስድሳ አራት ዓመት የሞላው ጆንሰን ደስ አላለውም። ለሄስተር ትሬል በላከው ደብዳቤ የቦስዌልን ደግነት እንደ ጣጣ ቆጥሮ አማረረ፤ የልደቱ መመለስ ሰው ሁሉ የሚሸሸውን ሐሳብ ይዞበት እንደሚመጣም ጻፈ። ቅሬታው ከንቱ አይደለም። ልደት ያለፈውን ዕድሜ ብቻ አይቆጥርም፤ ያልተጻፈውንም መጽሐፍ ይቆጥራል። ስንፍናውን በየጊዜው በጸሎት ማስታወሻው ለሚከስ እንደ እሱ ያለ ሰው፣ ዕለቱ በዓል ሳይሆን የፍርድ ቀጠሮ ነው።

ቅሬታው የተጻፈው ለማን እንደሆነ ግን ልብ እንበል። ሄስተር ትሬል ለንደን አጠገብ በስትሬታም በሚገኘው ቤቷ የጆንሰንን ልደት ከትልቋ ልጇ ልደት ጋር አጣምራ የምታከብር ሴት ነበረች፤ የልጅቱ ልደት ከእሱ በአንድ ቀን ይቀድማል። የአንድ አረጋዊና የአንዲት ልጅ ዕድሜ በአንድ ማዕድ ይቆጠር ነበር፤ አገልጋዮቹም አብረው ይበሉና ይጨፍሩ ነበር። ጆንሰን የፈራው ብቻውን የሚደረገውን ሒሳብ ነው፤ ከዚያ ሒሳብ የሚያወጣው ደግሞ ቀኑን የሚያስታውስለት ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። በነገራችን ላይ ሴፕቴምበር 18 ሲወለድ የነበረው ቀን አይደለም። የተወለደው በ1709 እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 7 ነበር፤ እንግሊዝ በ1752 የዘመን አቆጣጠሯን ስትለውጥ አሥራ አንድ ቀን ተዘለለና ልደቱ አብሮ ተሻገረ። በሁለት አቆጣጠር መካከል ለሚኖር፣ ቅጽ በሞላ ቁጥር ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ለሚቀንስና ለሚደምር የኢትዮጵያ አንባቢ፣ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። የመተማን ነገር ለመናገር ስካይ ደሴት ድረስ ምን አስኬደኝ? ነገሩን ወደ መተማ የሚመልስልን ሌላ ስኮትላንዳዊ አለ። ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ፣ በ1771 ማብቂያ ላይ ለቆ ሲወጣ፣ የወረደው ዛሬ የመተማ አካባቢ ወደሚባለው፣ ያኔ ራስ አል ፊል ወደተባለው ቆላ ነው። የጎንደሩ ንጉሥ የአገሩን ገዢነት በስም ሰጥቶት ነበር፤ በተግባር ያስተዳድር የነበረው ወዳጁና እንደራሴው ያሲን የተባለ እስላም ነው። ብሩስ እዚያ ተቅማጥ ይዞት ሊሞት ደረሰ። ያዳነው የአገሬው ሰው በዋጊኖስ ሥር ነው፤ ብሩስ ራሱ ይዞት የመጣው መድኃኒት ሁሉ አልረዳውም ነበር። የአውሮፓ ሊቃውንት በኋላ ተክሉን በብሩስ ስም ጠሩት። የሣይንስ ክርስትና እንዲህ ነው፤ ስሙን የሚያገኘው ታማሚው ነው እንጂ ሥሩን ፈጭቶ ያጠጣው አይደለም።

ብሩስ አገሩ ሲመለስ ለንደን አላመነችውም። ጥሬ ሥጋ ስለመብላት የተናገረው መሣቂያ አደረገው፤ ጆንሰንም በ1775 አግኝቶት በጉዞው ላይ ጥርጣሬ አደረበት። ነገሩን ልብ ብሎ ላየው ያስቃል። ኢትዮጵያን ረግጦ የማያውቀው ደራሲ ስለ ኢትዮጵያ የፈጠረው ልብ ወለድ ተነበበ፣ ተወደደ፤ አገሪቱን በእግሩ የዞረው ሰው ውሸታም ተባለ። ልዩነቱ የምስክር ነው። ልብ ወለድ ምስክር አይጠየቅም፤ አንባቢው ራሱ ምስክር ሆኖ ይገባበታል። ጉዞ ግን ይጠየቃል፤ ብሩስ የነበሩት ምስክሮች ያሲንና የራስ አል ፊል ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ለንደን አልነበሩም። አኩርፎ ርስቱ ላይ የተቀመጠውን ሰው፣ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ጻፍ ብሎ የገፋፋው ወዳጁ ዴይንስ ባሪንግተን ነው፤ አምስት ቅጽ የሆነው መጽሐፍም በ1790 ወጣ። ኋላ የመጡ መንገደኞች ከተናገረው ብዙውን አረጋገጡለት፤ እሱ ግን ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም።

እዚህ ላይ ሌላ ተቃውሞ ይነሣል፤ ይህኛው ከጆንሰን ቁጣ ይልቅ ይከብደኛል። የመንገድ ወዳጅነት ጥቅም እንጂ ወዳጅነት አይደለም፣ ድንበር ላይ ማንም ማንንም የሚወደው ዕቃው እስኪሻገር ነው የሚል። የመተማ ገበያ ታሪክ ለዚህ ተቃውሞ ብዙ ማስረጃ ያቀብላል። ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ለሐጅ የተነሡ ተክሩሮች ቀርተው የኖሩባት፣ ሹማምንቷ ባንድ ወቅት ለኢትዮጵያም ለግብፅም የሚገብሩባት ከተማ ናት፤ ቡና፣ ጥጥ፣ ከብት፣ ሰውም ሳይቀር የተሸጠባት። እንዲህ ባለ ቦታ ሰላምታ እንኳ ዋጋ አለው። ግን ዛሬም ቆላው የሚኖርበትን ሥራ ቀረብ ብሎ ማየት ይበጃል። ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ እህል ነው። የታችኛው ፍሬ ቢጫ መሆን ሲጀምር መታጨድ አለበት፤ ጥቂት ቀን ከዘገየ ፍሬው አፉን ይከፍትና ዘሩ ዋልካው ላይ ይረግፋል። የታጨደው በነዶ ታስሮ እንዲደርቅ ይቆማል፤ ከደረቀ በኋላ ሸራ ተነጥፎ፣ ነዶው በጥንቃቄ ተሸክሞ መጥቶ ይዘቀዘቃል፣ ቀስ ተብሎ ይመታል። ለዚህ ነው ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ደጋ እጅግ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚወርደው፤ አገሬው ሳሉግ የሚለው የወቅት ሠራተኛ።

እነዚህ ሰዎች አንድ ጋቢና አንድ ፌስታል ይዘው ይወርዳሉ። በማሳው ዳር ላስቲክ ወጥረው ያድራሉ፣ ባንድ ድስት ያበስላሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚጠራሩት በአገራቸው ስም ነው፤ «ጎጃሜ»፣ «ወሎዬ»። የክርስትና ስሙን አብሮት የሚበላው እንኳ ላያውቀው ይችላል። ጥቅም ያሰባሰባቸው ስለመሆናቸው ክርክር የለም። ነገር ግን ወባ ወይም ካላዛር ሲይዘው ማን ወደ ጤና ጣቢያ ይሸከመዋል? ቢሞት ለእናቱ ማን ይነግራል? ደላላው አይደለም፣ ባለ እርሻውም ብዙ ጊዜ አይደለም። ድስቱን የተጋራው ሰው ነው። ጥቅም ሰዎችን አንድ ላይ ያመጣቸዋል እንጂ እንዴት እንደሚለያዩ አይወስንም። ወዳጅነት የሚለካው በመሰባሰቢያው ምክንያት ነው የሚለው አስተሳሰብ ጎረቤትንም፣ ባልንጀራንም፣ የትምህርት ቤት ጓደኛንም ከወዳጅነት መዝገብ ያወጣል፤ ሁሉም ሌላ ነገር ፈልገው ሲመጡ የተገናኙ ናቸውና።

ለዚህ ዓለም ደራሲ የተገኘው ከድንበሩ ማዶ ነው። አብደልአዚዝ በረካ ሳኪን በ1963 እ.ኤ.አ. ከሰላ ውስጥ የተወለደ ሱዳናዊ ነው፤ የታወቀው ልብ ወለዱ ጃንጎዎችን፣ ማለትም በገዳሪፍ በኩል ሰሊጥና ማሽላ የሚያጭዱትን የወቅት ሠራተኞች፣ የምድር ምስማሮች እያለ የሚተርክ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከመንግሥት ሥራ የተባረሩ ሁለት ጓደኛሞች ሥራ ፈትተው ሲዞሩ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ወዳለች መንደር በመድረሳቸው ነው። ዓለም ግሺ የምትባል ኢትዮጵያዊት ከዋና ዋናዎቹ ባለታሪኮች አንዷ ናት። መጽሐፉ በ2009 በጣይብ ሳሊህ ስም የተሰየመውን የሱዳን ሽልማት አገኘ፤ ወዲያው ታገደ። ደራሲው ራሱ በኋላ አገሩን ለቆ ወደ ኦስትሪያ ተሰደደ። እኔን የሚገርመኝ መታገዱ አይደለም፤ ያማ የተለመደ ነው። የሚገርመኝ የሱዳን መንግሥት ምን ፈርቶ ነው የሚለው ነው። ጃንጎዎች ሠራዊት የላቸውም፣ ፓርቲ የላቸውም፣ ብዙዎቹ መታወቂያ እንኳ የላቸውም። ልብ ወለዱ ያደረገው ነገር ቢኖር ከየት እንደመጡ፣ ከማን ጋር እንደበሉ፣ በምን እንደሣቁ መመስከር ነው። ላልተመዘገበ ሰው እንዲህ ዓይነት ምስክር ሲቆምለት፣ አለመመዝገቡ በሰው እጅ የተሠራ መሆኑ ይገለጣል።

ሃይማኖታዊውንና ፖለቲካዊውን ተቃውሞ አብሬ ላንሣ፣ ሥራቸው አንድ ነውና። በመጽሐፍ ቅዱስ ልደታቸውን በግብዣ ያከበሩ ተብለው የተጻፉት ፈርዖንና ሄሮድስ ናቸው፤ የፈርዖን የእንጀራ ቤት አዛዥ በዚያ ሰሞን ተሰቀለ፣ መጥምቁ ዮሐንስ በሄሮድስ ልደት ራሱን አጣ። (የመተማው ዮሐንስ የስሙ ሞክሼ የደረሰበት በእሱም መድረሱን አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም።) በእኛም ዘመን ሐምሌ 16 ነበረ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልደት የመንግሥት በዓል ነበር፤ ተማሪ ይሰለፋል፣ ሰንደቅ ይሰቀላል። ሰማንያኛው በሐምሌ 1964 ዓ.ም. በታላቅ ድምቀት ተከበረ፤ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ፣ ቀኑም ከአደባባይ ጠፋ። እንግዲህ ልደት የገዢዎች ግብዣ ነው፣ ኬኩም ሻማውም ከውጭ የመጣ ነው፣ የእኛ ወግ ተዝካርና ሙት ዓመት ነው የሚል ሰው ማስረጃ አያጣም።

ማስረጃው ግን ወደ ሌላ ያመራል። ሐምሌ 16 ባንድ ክረምት መጥፋቱ የሚያሳየው በትእዛዝ የቆመ ምስክር ትእዛዙ ሲነሣ አብሮ እንደሚነሣ ነው። ያልታዘዘውን ልደት ደግሞ እናውቀዋለን። ግንቦት 1 ልደታ ነው፤ ሴቶች ተሰባስበው ከቤት ውጭ ንፍሮ ቀቅለው፣ ዳቦ ቆርሰው ያከብሩታል። ይህን ያዘዘ ዘውድ የለም፣ የሻረው ደርግም የለም። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሡ፣ ልጁ ስም ብቻ አይደለም የሚያገኘው፤ በሕግ የቆመ ምስክር፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ያገኛል። ወጋችን ልደትን ንቆ አያውቅም። ባለልደቱ ለብቻው ጎልቶ እንዲቆም ነው ያልፈቀደው፤ በሌላ ስም፣ በቅዱሱ ወይም በማኅበሩ ስም፣ ከሌሎች ጋር እንዲከበር አደረገው። ይህን ጥንቃቄ እኔም እደግፈዋለሁ። ፈርዖንና ሄሮድስ የጣሱት ይህንኑ ነው፤ ራሳቸው ጋባዥ፣ ራሳቸው ባለልደት፣ ራሳቸው ዳኛ ሆኑ።

ወዳጅ ደራሲን ያበላሻል የሚለው ክስ ይቀራል። መጻፍ የብቸኝነት ሥራ ነው፤ ወዳጅ ጊዜ ይበላል፣ ያሞጋግሳል፣ ረቂቁን ሳይጨርስ ያስጨበጭብለታል። በአዲስ አበባ ታሪክ ለዚህ ክስ ከስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የተሻለ ተከሳሽ አይገኝም፤ ጨዋታ ወዳድ፣ ቤቱ ለወጣት ጸሐፊዎች ክፍት። ዓድዋ አጠገብ ከምትገኘው ከእርባ ገረድ ተነሥቶ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ፈረንሳይ አገር ኤክስ አን ፕሮቫንስ ደርሷል፤ የውቤ በረሃን ሌሊት የሚተርከውን «ሌቱም አይነጋልኝ»ን የጻፈው እዚያ ሆኖ ነው። መጽሐፉ አገር ውስጥ ሊታተም ባልቻለበት በዚያ ረጅም ጊዜ ግን በምን ቆየ? ከእጅ ወደ እጅ፣ እየተገለበጠ፣ ወዳጅ ለወዳጅ እያቀበለው። ሕይወቱንስ ማን ጻፈው? ወዳጁ ዘነበ ወላ፣ ከአንደበቱ እየሰማ፣ «ማስታወሻ» ብሎ። ስብሐት ወዳጆቹ የበሉበትን ጊዜ መልሰው ከፍለውታል ብል ብዙ የተጋነነ አይሆንም። የልደቱም ነገር ይገርማል። ተወለደበት ተብሎ የሚጻፈው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባ የገባበት ዕለት ነው፤ ያው ቀን በአምስተኛ ዓመቱ የድል በዓል ሆነ። በዓመት በዓመቱ መድፍ የሚተኮስበት ቀን ልደቱ የሆነ ሰው፣ መንግሥት ያልጠራው ልደት ከፈለገ፣ ከወዳጅ በስተቀር የት ያገኛል?

ደራሲ በተራው ለሌሎች ልደት ምስክር ይሆናል ያልኩትን ወደ ቋራ ልመልሰው። በ1950ዎቹ ማብቂያና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ልብ ወለዶች ስለ ቴዎድሮስ ተጻፉ፤ የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ የጎጃሙ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን። ታሪክ ጸሐፊ ከመቅደላ ቢነሣ ማንም አይወቅሰውም፤ ሰነዱ ያለው እዚያ ነው። ደራሲ ግን የእናቲቱን ቤት መሥራት፣ ሰነድ ትቶት ባለፈው መነሻ ላይ ቆሞ ማየት አለበት። አቤ ጉበኛ ይህን ሥራ ቀደም ብሎ በሌላ መልክ ጀምሮት ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. ያሳተመው «አልወለድም» ከማኅፀን ሆኖ የዓለምን ግፍ አይቶ መወለድን እምቢ የሚል ፅንስ ያናግራል። መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲውም በግዞት ኢሉባቦርን አየ። የዚያ ፅንስ ክርክር ለእኔ ሐሳብ ከጆንሰን ቅሬታ ይልቅ ይፈትነዋል። ልደቱን የሚቃወም ሰው ልደቱን ቢያከብሩለት ምን ይጠቅመዋል? የምመልሰው ይህን ያህል ብቻ ነው፤ ፅንሱ እምቢታውን የተናገረው ለሚሰማው ሰው ነው። ሰሚ ሳይኖር እምቢታም አይኖርም፤ መወለድን ለመቃወም እንኳ አስቀድሞ ምስክር ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ትክክል ከሆነ የቀኑ ትክክለኛነት ምን ያህል ይጠቅማል? ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ካርቱም በጦርነት ስትቃጠል፣ በመተማ በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተሻገረ፤ ሱዳናዊ፣ ኤርትራዊ፣ ተመላሽ ኢትዮጵያዊ። የስደተኛን ወረቀት የሞላ ሰው ያውቀዋል፤ የተወለደበትን ዕለት በሰነድ ማሳየት ለማይችል ሰው ጃንዋሪ 1 ይጻፍለታል። በዓለም ዙሪያ የእኛም የጎረቤቶቻችንም ልጆች በዚህ ቀን «ተወልደዋል»፤ የአውሮፓና የአሜሪካ ቢሮዎች የሰጧቸው ልደት ነው። በእኛም አገር የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ታውጆ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደው ብዙው የገጠር ሰው ልደቱን የሚቆጥረው በጦርነት፣ በድርቅ፣ በንግሥ ነው። እንግዲህ የጃንዋሪ 1 ልደት ሐሰት ነው? እንደ መዝገብ፣ አዎ። እንደ ልደት ግን ሚዛኑ ሌላ ነው። ኮሎኝ ወይም ሚኒሶታ ውስጥ በዚያ በተሳሳተ ቀን ቡና አፍልተው የሚሰበሰቡለት ሰዎች ካሉ፣ በትክክለኛው ቀን ብቻውን ከሚቀመጠው ይልቅ የተወለደ ሰው ነው። ጆንሰንም በአሥራ አንድ ቀን የተሻገረ ልደቱን ሌሎች ሲያከብሩለት ጎደለኝ ያለው ቀን የለም።

ይህ ልቅነት ግን የማይሠራበት አንድ ቦታ አለ። ደራሲው በዓሉ ግርማ ከኢሉባቦር ተነሥቶ አዲስ አበባ፣ አሜሪካ፣ በኋላም በደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሰሞን አሥመራ ደርሷል፤ ከዚያ ጉዞ «ኦሮማይ» የተባለው ልብ ወለዱ ተወለደ፣ በ1975 ዓ.ም. ታተመ፣ ተሰበሰበ። ደራሲው የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። እዚህ የቆላው ነገሥታት ነገር ይገለበጣል፤ ልደቱን የሚነግሩን አሉ፣ የሞተበትን ዕለት የሚነግረን የለም። ወዳጆቹና ቤተሰቡ ሙት ዓመት ሊያወጡለት ቢፈልጉ ቀን የላቸውም፤ የሚዘክሩት የጠፋበትን ምሽት ነው። ግምት አይበቃም ወይ፣ ጃንዋሪ 1 በቅቶን የለም ወይ የሚል ይኖራል። አይበቃም። የቴዎድሮስን ልደት ያላወቅነው ምስክሮቹ፣ እናቱና አዋላጇ፣ ሳይጠየቁ ስለሞቱ ነው። የበዓሉን ሞት ያላወቅነው ግን ያየ ሰው ስለሌለ አይደለም። ያዘዘ ነበረ፣ ያሠረ ነበረ፣ መኪና የነዳ ነበረ፤ እነዚያ ሰዎች ወይም ከእነሱ የሰሙ ሰዎች ከዚያ ወዲህ የራሳቸውን ልደት በየዓመቱ ቆጥረዋል፣ አንዳንዶቹም የሥልጣን ዘመናቸውን ትዝታ መጽሐፍ አድርገው አሳትመዋል፤ ያችን አንዲት ቀን ግን አልሰጡንም።